ግንቡ ለማን ይሠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አጥር፣ ስለ መብራትና ስለ በር ይጠይቃሉ። ሁሉም «ምን ያህል ላጥብቀው?» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ግን በየመልሱ አንድ ጥያቄ ሳንመልስ አናልፍም፦ ሌባው እዚያ ቦታ ላይ ሲቆም ማን ያየዋል?

«አጥሬን አንድ ሜትር ልጨምርበት ወይስ ሬዘር ሽቦ ልዘርጋበት?»

*ቤቴ ሰሚት አካባቢ ነው። አጥሬ 3 ሜትር ብሎኬት ነው፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ክረምት ላይ ሌሊት ገብተው የውሃ ፓምፕና ሁለት የመኪና ጎማ ወሰዱብኝ። ብየዳ ሠራተኛው ሽቦ ይላል፣ ጎረቤቶቼ ከፍ አድርገው ይላሉ። የቱ ይሻላል?*

ብር ከማውጣትዎ በፊት አጥርዎን ከውጭ በእግርዎ ይዙሩትና እግር ሊያስረግጥ የሚችለውን ሁሉ ይመዝግቡ። የመብራት ምሰሶ፣ የተቆለለ ብሎኬት፣ የጎረቤት ሰርቪስ ቤት ጣሪያ፣ ግንቡን ተደግፎ የሚቆም መኪና። 3 ሜትር ግንብ ሥር 1.2 ሜትር የአሸዋ ክምር ካለ ግንብዎ 1.8 ሜትር ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ከውስጥ ይዙሩ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሮቶ መቀመጫ ነው፤ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ የብረት ማማ ለመውረድም፣ ዕቃ ይዞ ለመውጣትም መሰላል ይሆናል። ከአጥሩ 2 ሜትር ያህል ያርቁት። የዶሮ ቤትና የማገዶ ክምርም እንዲሁ።

አሁን ወደ ግንቡ እንምጣ። ፓምፕ ከቧንቧ ፈትቶ፣ ሁለት ጎማ ነቅሎ በአጥር ላይ ማሻገር ጊዜ ይፈልጋል። ያንን ጊዜ ለሌባው የሰጠው ግንብዎ ነው። ዘልሎ እስኪወርድ ድረስ ግንቡ ለእርስዎ ይሠራል፤ ከወረደ በኋላ ግን ለእሱ ነው የሚሠራው፤ ከመንገድ የሚያየው የለማ! አንድ ሜትር ቢጨምሩለት ከለላው ነው የሚጨምርለት።

የጠርሙስ ስባሪ ላይ ታጥፎ የተነጠፈ ጆንያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ይበቃል። ሬዘር ሽቦ ይሻላል፤ ችግሩ አዘረጋጉ ላይ ነው። ብር ለመቆጠብ ጥቅሉ ከልክ በላይ ይሳብና ቀለበቶቹ ይራራቃሉ፤ በመሃል ሰው ይሾልካል። ማሰሪያው ቀጭን ሽቦ ከሆነ ደግሞ በሁለት ክረምት ዝጎ ይበጠሳል። የልጆች እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ፈጽሞ አይዘርጉት።

የእኛ ምርጫ ይህ ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን ግንብ እስከ 1 ወይም 1.2 ሜትር ድረስ ይተዉት፤ ከዚያ በላይ እስከ 2.3 ሜትር የሚያሳይ የብረት ፍርግርግ ያድርጉበት። ቋሚ ዘንጎቹ ውስጣቸው ድፍን የሆነ 14 ወይም 16 ሚሊሜትር ብረት ይሁኑ። ባዶ ቱቦ በመኪና ክሪክ በደቂቃ ውስጥ ይጎብጣል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ11 ሴንቲሜትር አይብለጥ። አግዳሚ ብረት ከላይና ከታች ብቻ፤ መሃል ላይ ለውበት ተብሎ የሚበየደው አግዳሚ የእግር መርገጫ ነው። በየ2 ሜትሩ 60 በ60 ሚሊሜትር አርኤችኤስ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቋሚ ይቁምና እግሩ ኮንክሪት ውስጥ ይቀበር። በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ሰክተው በሲሚንቶ የሚለስኑት ቋሚ በገመድ ሲሳብ ከነብሎኬቱ ይመጣል። ብየዳው ዙሪያውን ሙሉ ይሁን፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ ከሆነ መዶሻ ይበቃዋል።

«ገበናዬስ?» እንደሚሉ እናውቃለን። ልብስ የሚሰጣበትና ሰርቪስ ቤቱ ያለበት ጎን ድፍን ሆኖ ይቅር። የሚያስፈልገው ከመንገድ የሚያልፍ ሰው የቤቱን ፊትና የመኪናውን ማቆሚያ ማየት እንዲችል ነው። ፍርግርጉ ላይ ሐረግ ካሳደጉበት መልሰው ግንብ ሠሩ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ጥበቃ ቤት። ብዙ ግቢ ውስጥ ዘበኛው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ለማየት መነሳት ካለበት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አይነሳም፤ ሰው ነው። አንድ መስኮት ወደ መንገዱ፣ አንድ ወደ ግቢው ይክፈቱለት። ዝናብ ሲዘንብም እንዲታየው ክዳኑ ይርዘም።

«ኮሚቴው ሳይቱን በሙሉ ሊያጥረው ነው»

*የምንኖረው ጀሞ ባለ ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ነው። የደረጃው አምፖል ይሰረቃል፣ የማናውቃቸው ወጣቶች ደረጃ ላይ እየተቀመጡ ይቅማሉ፣ የመኪና ስፖኪዮ በየጊዜው ይነቀላል። ኮሚቴው ሁሉንም ብሎኮች በአንድ አጥር ከቦ አንድ በር ሊያወጣ ገንዘብ አዋጡ እያለን ነው። እናዋጣ?*

አጥሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ የየደረጃውን በር ይሥሩ። ምክንያቱ የቁጥር ጉዳይ ነው። በአንድ ደረጃ የሚወጡ 15 ወይም 20 አባወራዎች ይተዋወቃሉ፤ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ ለመጠየቅም አያፍሩም። በአንድ ትልቅ በር የሚገቡ 500 አባወራዎች ግን አይተዋወቁም። ዘበኛውም ማታ 1 ሰዓት ላይ ሰው ሲጎርፍ ማንን ሊጠይቅ? በሩ ተከፍቶ ይውላል፤ አጥሩ ደግሞ ወደ ታክሲ የሚያቋርጠውን መንገድ ከዘጋ አንድ ቦታ ላይ ይቀደዳል።

ይህን ነገር በሚገባ የመረመረው አሜሪካዊው አርክቴክት ኦስካር ኒውማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናቱ በሴንት ሉዊስ ከተማ መንገድ ለመንገድ የሚተያዩ ሁለት የመንግሥት ሰፈሮችን አነጻጸረ። አንደኛው ፕሩት-አይጎ የሚባለው፣ 33 ባለ 11 ፎቅ ሕንፃዎች ያሉት፣ ኮሪደሩና ደረጃው የማንም ያልሆነ ሰፈር ነበር፤ ተበላሽቶ፣ ሰው ሸሽቶት፣ መፍረስ የጀመረው በዚያው በ1972 ነው። ሁለተኛው ካር ስኩዌር የሚባለው ዝቅ ያለ የተያያዘ ቤት ሰፈር በገቢም በኑሮም ተመሳሳይ ሰዎች የሚኖሩበት ሆኖ ሳለ ሰው እንደሞላበት ቀጠለ። በፕሩት-አይጎ ውስጥ እንኳ ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚጋራው የደረጃ አረፍት ንጹሕ ነበር፤ ሃያ ቤተሰብ የሚጋራው ኮሪደር ግን ይቆሽሽና ይሰባበር ነበር። ለውድቀቱ የአስተዳደሩና የገንዘቡ ችግርም ድርሻ አለው፤ ሁሉንም በሕንፃው ማሳበብ ልክ አይሆንም። የአረፍቱና የኮሪደሩ ልዩነት ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ስለዚህ በየደረጃው መግቢያ የብረት በር ይቁም። የላይኛው ግማሽ ፍርግርግ ወይም የማይሰበር መስታወት ይሁን፤ የሚገባ ሰው ውስጥ ማን እንደቆመ ሳያይ መግባት የለበትም። ራሱ የሚዘጋ ክንድ ይገጠምለት። ከውስጥ ቁልፍ ሳያስፈልግ፣ በእጅ ብቻ የሚከፈት መሆን አለበት። በጓጉንቸር የሚቆለፍ የደረጃ በር እሳት የተነሣ ዕለት ሰው ይፈጃል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። እንዲህ ያለ በር የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ደወል የለም፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ለመውረድ ይሰለቻል፣ በሩ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። በሩን ከማዘዛችሁ በፊት ወደ እያንዳንዱ ቤት የደወል መስመር ዘርጉ።

ደረጃው ሥር ያለውን ስርቻ በፍርግርግ ዝጉት። ለአምፖሉ ተራውን ሶኬት ንቀሉና ክብ የግድግዳ መብራት ከፖሊካርቦኔት ክዳንና ልዩ መፍቻ ከሚፈልግ ብሎን ጋር ግጠሙ፤ በ2.5 ሜትር ከፍታ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ በስድስት ቦታ 12 ሰዓት ቢበራ በወር 20 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ለጋራ ቆጣሪ ይህ ብዙ አይደለም፤ አንድ ሰው ከቤቱ ቆጣሪ እንዲያበራ ማድረግ ግን ጠብ ያመጣል።

ስፖኪዮው የሚነቀለው የት እንደሆነ ጻፉ ብለን ብንጠይቃችሁ መልሱን የምንገምት ይመስለናል፦ መስኮት በሌለው የብሎኩ ጎን ግድግዳ በኩል። ማቆሚያውን የሳሎንና የኩሽና መስኮት ወደሚያየው ፊት አዙሩት፤ ከመስኮቱ ከ20 ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። ቦታዎቹ ላይ የቤት ቁጥር ይጻፍ፤ የማን መኪና አጠገብ ማን እንደሚያጎነብስ ያን ጊዜ ይታወቃል። መስኮት አልባው ጎን ላይ ልብስ ማስጫ ወይም የአትክልት መደብ ይሁን።

ኮሚናሉም አለ። ለልቅሶና ለሠርግ ተከፍቶ ሌላውን ቀን የሚቆለፍ ከሆነ ጀርባው የሳይቱ ትልቁ ስርቻ ይሆናል። አንዱን ጫፍ ለሱቅ ወይም ለሻይ ቤት አከራዩት፤ ኪራዩ የመብራቱን ወጪ ይችላል። ደረጃውም ኮሚናሉም የጋራ ንብረት ስለሆኑ ውሳኔው በጠቅላላ ጉባኤ ይለፍ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ፤ አለዚያ አንድ ነዋሪ በሩን ነቅሎ ሊጥለው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም አጥር ካስፈለጋችሁ፣ የሚያሳይ አጥር ይሁን። በሮቹንም ሣሩ በእግር ብዛት በደረቀበት መስመር ላይ አውጡ።

«200 ዋት ፓውዛ ሰቅለን ስልክ ይነጠቃል»

*ባሕር ዳር፣ የኮብልስቶን መንገድ ዳር ነው ቤታችን። በራችን ላይ 200 ዋት ፓውዛ አለ፤ መንገዱ እንደ ቀን ነው። ያም ሆኖ ከበራችን 20 ሜትር ላይ ሁለት ጊዜ ስልክ ነጥቀዋል።*

ጥፋቱ የፓውዛው ነው። ዛሬ ማታ ከበርዎ 15 ሜትር ርቀው ወደ ፓውዛው ዞረው ይቁሙ። መዳፍዎን እንደ ባርኔጣ ከቅንድብዎ በላይ ያድርጉና ብርሃኑን ይከልሉት። ከልለውት ድንገት ብዙ ነገር ማየት ከጀመሩ፣ መብራቱ እያሳወረዎት ነበር ማለት ነው። ዓይን በብርቱ ብርሃን ሲለመድ ከዚያ ውጭ ያለውን ጥላ ድቅድቅ ጨለማ አድርጎ ያየዋል። ነጣቂው የቆመው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው፤ እሱ እርስዎን ያይዎታል፣ እርስዎ ግን አያዩትም።

አንዱን 200 ዋት አውርደው አራት ባለ 25 ዋት ኤልኢዲ ከሦስት ጎረቤቶችዎ ጋር ይካፈሉ። የኃይል ፍጆታው በግማሽ ይቀንሳል። ከፍታው 4 ሜትር ያህል፣ በመብራቶቹ መካከል ያለው ርቀት የከፍታው ሦስት ወይም ሦስት ተኩል እጥፍ፣ ማለትም ከ12 እስከ 14 ሜትር ይሁን። የመስታወቱ ፊት ሙሉ በሙሉ ወደ መሬት ይመልከት፤ ዘመም ካለ ያው ፓውዛ ነው። ካርቶኑ ላይ 3000 ወይም 4000 ኬ (ኬልቪን፣ የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚል ይምረጡ፤ 6500 የሚለው ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ያንጸባርቃል። በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ፎቶሴል ካስገጠሙ ዓይኑ የራሱን መብራት ማየት የለበትም፤ ካየ «ነጋ» ብሎ ያጠፋል፣ ሲጨልም እንደገና ያበራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲብለጨለጭ ያድራል።

መለኪያው ይህ ነው፦ 10 ሜትር ላይ ያለ ሰው ፊቱ ይለያል ወይ? ካልተለየ ብርሃኑ ብዙ ቢሆንም ዋጋ የለውም።

መብራት ሲጠፋስ ምን ይሁን ካሉ፣ ጥግና በር ላይ ብቻ ሶላር ያድርጉ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ዋት አይመኑት። ፓነሉ ወደ ደቡብ ዘመም ብሎ ፀሐይ በሚያገኝበት ይሁን እንጂ ማንጎ ሥር አይሁን፤ በበጋ አቧራውን በየወሩ ይጥረጉት። መብራቱን የሚከልል ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ ከ2.5 ሜትር በታች ያለውን ይመልምሉ።

በደንብ የተተከለ መብራት ለውጥ ማምጣቱ የተፈተነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ውስጥ በዕጣ በተመረጡ ወደ 40 የሚጠጉ የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች ጊዜያዊ የመብራት ማማዎች ቆመው ነበር፤ ከቤት ውጭ በሌሊት የሚፈጸም ከባድ ወንጀል 36 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

«ከሥራ ስመለስ የማልፍበት መንገድ ያስፈራኛል»

*ከታክሲ ወርጄ ቤቴ ለመድረስ በሁለት የግንባታ ቦታዎች መካከል ባለ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ አልፋለሁ። 80 ሜትር ያህል ነው። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ማጅራት መቺ እፈራለሁ። ሴቶች ተሰብስበን ወረዳ ልንሄድ ነው፤ ምን ብለን እንጠይቅ?*

ፍርሃትሽ ትክክል ነው እህታችን። ረጅም፣ ወደ ጎን መውጫ የሌለው፣ መስኮት የማያየው፣ መታጠፊያ ያለው መንገድ ለማጅራት መቺ እንደ ወጥመድ ነው፤ የሚያልፈው ሰው በየት እንደሚመጣ ያውቃልና። ዋና ጎዳናው በኮሪደር ልማት ሰፍቶና መብራት አግኝቶ፣ ከጀርባው ያለው መተላለፊያ ግን እንዲህ ሆኖ የቀረበት ሰፈር ጥቂት አይደለም።

አቤቱታ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ንድፍ ያዙ። ሦስት አራት ሆናችሁ በምታልፉበት ሰዓት በሜትር ለኩት። ፊት ለፊታችሁ 15 ሜትር የማይታይበትን ቦታ ሁሉ መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶ አንሡ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት መታጠፊያ ብቻ ነው የሚወጣው። ከዚያ የምትጠይቁት ግልጽ ይሆናል፦ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግራና ቀኝ 3 ሜትር ያህል ቆርቆሮ ተነሥቶ በሽቦ መረብ ይተካ። ለግንባታው ባለቤት ወጪው ትንሽ ነው፤ ሲሚንቶውንም አያጋልጥበትም። የላሉ ቆርቆሮዎች ከውስጥ በኩል በብሎን ይያዙ፤ ተገፍቶ የሚከፈት ቆርቆሮ በር ነውና። መንገዱ ዳር የተቆለለ አሸዋና ፌሮ ወደ ውስጥ ይግባ። ቁጥቋጦ ካለ ከ70 ሴንቲሜትር በላይ አይደግ። ጎበጥ ያለ መስታወት ጥግ ላይ መስቀል ጥሩ ነው፤ መብራት ከሌለ ግን ጨለማን ነው የሚያሳየው።

አንድ ነገር ደግሞ ወረዳው ላይወደው ይችላል፤ እኛ ግን እንለዋለን። መንገዱ አፍ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴትና ድንች የምትቸረችር እናት ካሉ እስከ ማታ 2 ሰዓት ድረስ ይቀመጡ። «ቦታ አጣበቡ» ተብለው ሲነሡ መንገዱ ይጸዳል፣ ዓይኑም አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ከተሞች የምትጽፈው ጄን ጄከብስ ስለ ኒውዮርክ መንገዶች የጻፈችው ዋና ነገር ይኸው ነበር፤ ጎዳናን የሚጠብቁት ባለሱቆችና ደጃፋቸው ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው አለች። የጉሊት እናቶቻችን ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ሲሠሩት ኖረዋል። 2 ሜትር ገባ ያለ መደብ ቢሠራላቸው መንገዱም አይጠብም።

«መስታወቱን ሰብሮ፣ እጁን አስገብቶ ከፈተው»

*ሀዋሳ። በራችን ኤልቲዜድ ብረት ነው፤ ከመያዣው አጠገብ መስታወት አለው። እሱን ሰብረው ከውስጥ ያለውን መቀርቀሪያ ከፈቱ። ምን እንቀይር?*

ከመቀርቀሪያው 80 ሴንቲሜትር ድረስ እጅ ይደርሳል። በዚያ ርቀት ውስጥ ያለውን መስታወት አውጥታችሁ ላሜራ አስበይዱበት፣ ወይም ከውስጥ ድፍን ዘንግ በየ10 ሴንቲሜትሩ ይደረግበት። ከውስጥም በቁልፍ የሚከፈት መቆለፊያ ካደረጋችሁ፣ ቁልፉ እጅ ከመስታወቱ በኩል በማይደርስበት፣ ቤተሰቡ ግን በጨለማ ዳብሶ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል።

ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደርም እዩት። ከበሩ ገጽ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውጭ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም መሃሉ ላይ፣ የማሰሪያው ብሎን ባለፈበት ቀጭን ቦታ ነው። ልኩን ለማወቅ ከበሩ ጠርዝ ያለውን ረጅም ብሎን ፍቱ፣ ቁልፉን ትንሽ ዘወር አድርጋችሁ ሲሊንደሩን ሳቡት፤ ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ ሁለቱ ጫፍ ለኩ። 30 በ30 እና 30 በ40 እየተባለ የሚሸጠው በዚህ ልክ ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ ለቀጭን በር ረጅሙን ስለሚሰጧችሁ ነው የሚወጣው።

ማጠፊያው ውጭ ከሆነ ዘንጉ ከላይ ተነቅሎ በሩ በዚያ በኩል ይከፈታል። ጫፉን አስበይዱት፤ በማጠፊያው ጎን ደግሞ ሲዘጋ ክፈፉ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር የብረት ጥርሶች ይኑሩ። ክፈፉ የተያዘበት ብሎኬት ሆዱ ባዶ ከሆነ የመቆለፊያው ምላስ በሚገባበት ቦታ በኮንክሪት ይሞላ።

መስኮቶቹን ሁሉ በፍርግርግ ስትዘጉ ከመኝታ ክፍሎቹ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት፣ 60 በ90 ሴንቲሜትር የሆነ መውጫ ይኑረው። ከሌባ የዳነ ቤተሰብ በእሳት እንዳያልቅ።

«ለእናቴ ቤት ላሠራ ነው፣ ንድፉ ገና ነው»

*የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለእናቴ ጂ+1 ቤት ላሠራ ነው። እሷና አንዲት ረዳት ብቻ ናቸው የሚኖሩበት። አርክቴክቱን ምን ልጠይቀው?*

ንድፍ ላይ እያለ መጠየቅዎ ብልህነት ነው፤ መስመር ማጥፋት ግንብ ከማፍረስ ይረክሳል።

ኩሽናውና እናትዎ ቀኑን የሚውሉበት ሳሎን መስኮታቸው ወደ ውጭ በር ይሁን። በር ሲንኳኳ ሳይነሡ ማን እንደሆነ ማየት አለባቸው። አሁን በየቦታው የሚሠራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ኩሽናው ወደ ኋላ፣ ከፊት ደግሞ ማንም የማይቀመጥበት የእንግዳ ሳሎን ከነከባድ መጋረጃው። የቤቱ ዋና በር ከግድግዳው ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ለጌጥ የሚሠራው ጥልቅ መግቢያ ሰው ይደብቃል። የበሩ ማያ ቀዳዳ በእናትዎ ዓይን ከፍታ ይሁን እንጂ በአናጢው አይሁን።

በቤቱና በአጥሩ መካከል ከጎንና ከኋላ የሚቀረው ጠባብ መተላለፊያ የሌባ መዝናኛ ነው። ከቤቱ የፊት ግድግዳ ጋር እኩል በሆነ መስመር ላይ ግራና ቀኝ የፍርግርግ በር ይቁም፤ ሦስትና አራት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቢሠራ እዚያው ተደብቆ የሚሠራበት ኪስ ይፈጥራል።

ፎቁን በተመለከተ፣ የዝናብ ቧንቧው ከበረንዳና ከመስኮት 1.5 ሜትር ይራቅ። የበረንዳ ዓምድ ላይ የሚደረደር የድንጋይ ጌጥ እንደ ደረጃ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ ከዋናው ቤት መስኮት ሥር አይምጣ። የመታጠቢያ ቤት መስኮት ሲከፈት ከ12 ሴንቲሜትር በላይ ክፍተት የሚሰጥ ከሆነ ዘንግ ይደረግበት፤ እንደ ቅጠል እየተደራረበ የሚከፈተውን መስታወት ግን ይተዉት፤ የአሉሚኒየም መያዣው በጣት ይታጠፍና መስታወቱ አንድ በአንድ ይወጣል።

ከርቀት ለሚያሠራ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ስርቆት ቤቱ ሳያልቅ ነው የሚመጣው። ፌሮ የሚታጠፍበት ሳምንት ላይ ይግባ እንጂ ሁለት ወር ቀድሞ አይከማች። ሲሚንቶው ከዘበኛው ክፍል ጋር በሚጋራ ግድግዳ በኩል ይቀመጥ፤ ጠዋትና ማታ ተቆጥሮ ይጻፍ።

«ካሜራ ይበቃል?»

*አራት ካሜራ ያለው ስብስብ ልገዛ ነው። አጥር ከመቀየር ይረክሳል። ምን ትላላችሁ?*

ካሜራ የተፈጸመውን ያሳያል፤ ዘልሎ የገባን ሰው አያወርድም። ከገዙ ግን አንዱን በውጭ በሩ ላይ በ2.2 ሜትር ከፍታ፣ ፊት በሚያይበት አቅጣጫ ያድርጉት። 4 ሜትር ላይ የሚሰቀለው የሚቀርጸው ኮፍያ ነው። ፀሐይ መውጫን ፊት ለፊት እንዳያይ፣ የጎረቤት ግቢም ውስጥ እንዳይገባ ያዙሩት። መቅረጫው ሳሎን ቴሌቪዥን ሥር ከሆነ ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ ይደበቅ፣ መብራት ሲጠፋም የሚያቆየው ባትሪ ይኑረው።